የዳክዬ ጥይት፦ ትልቁንና ፈጣኑን ገዝቼ ሁለት ቅዳሜ ተዋረድኩ

ሚኒሶታው | እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ስለ አጋዘን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዳክዬ ግን አንድም ክር አላገኘሁም። እኔው ልጀምረው።

የምኖረው ሴንት ፖል ነው። አደን ያስለመደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቤተሰቡ ከአያቱ ጀምሮ ዳክዬ ሲያድኑ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ዘንድሮ ግን ራሴን ልቻል አልኩ። ፈቃዱን አወጣሁ። የ25 ዶላሩን የፌዴራል የዳክዬ ቴምብርና የስቴቱን ቴምብር ገዛሁ። እስከ ደረት የሚደርሰው የውሃ ሱሪም ተገዛ። ለማባበያ የሚሆን አንድ ደርዘን የላስቲክ ዳክዬም ተጨመረ። ጠመንጃዬ ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ነው (ጌጅ የበርሜሉ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል)፤ እስከ 3 ኢንች ጥይት ይጎርሳል።

ጉዴ የፈላው ጥይት መደርደሪያው ጋ ስደርስ ነው። ቁጥር 6፣ 4፣ 3፣ 2፣ ቢቢ። ፍጥነቱ በሰከንድ 1,300 ጫማ የሚል አለ፣ 1,450 አለ፣ 1,550 አለ። እኔ ደግሞ 1,700 የሚለውን አየሁና ዓይኔ እዚያው ቀረ። ፍሬውም ትልቁ ይሁን ብዬ ቢቢውን አነሳሁ። ትልቅም ፈጣንም ከሆነ ምን ይጎድለዋል?

ወቅቱ የተከፈተው መስቀል ሰሞን ነው። ውጤቱ እነሆ። ሁለት ቅዳሜ። 31 ጥይት። የመታኋቸው ሦስት። ቤት የገባችው አንድ። ሁለቱ ክንፋቸውን ተመተው ወደቁና እየዋኙ ፊላው ውስጥ ገቡ። አንደኛዋን እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግኳት። አጣኋት። አቁስሎ መተው ደስ አይልም፤ ማታ ስተኛ ፊቴ ላይ ትመጣለች።

ባልደረባዬን ብጠይቀው «ቁጥር 2 ግዛ» ብሎኝ አለፈ። ለምን እንደሆነ አላብራራልኝም። እናንተ ምን ትተኩሳላችሁ? ለምንስ?

ዳላስ_ሰፈር | እሑድ ማታ

ዳክዬ ደግሞ ይበላል እንዴ? እኔ የማውቀው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ፎቶ ስናነሳት ነው። ሃሃሃ። ቀጥሉ፣ እየተከታተልኩ ነው።

አባ_ረግረግ | ሰኞ ጠዋት

ሚኒሶታው፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ ፈርገስ ፎልስ አካባቢ ነኝ፤ ዘንድሮ 19ኛ ወቅቴ ነው። መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገረኝ። አፈ ሙዙ ላይ ያሰርከው ቾክ፣ ያ አፉን የሚያጠበው ቱቦ፣ የትኛው ነው? ስትተኩስ ርቀቱ ስንት ያርድ ነበር? ሁለተኛውን እንደማታውቀው እርግጠኛ ነኝ። አትቀየመኝ፤ እኔም አላውቀውም ነበር።

እስከዚያው ስለ ጥይቱ ላውራ። ፍሬ የምለው ቀለሁ ውስጥ የታጨቁትን ትንንሽ ኳሶች ነው።

እርሳስ ለውሃ ወፍ ስለተከለከለ የምንተኩሰው ብረት ነው። የብረት ፍሬ ከእርሳስ ቀለል ይላል። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 11 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ብረት 8 እንኳ አይሞላም። ቀላል ነገር አየር ላይ ቶሎ ይደክማል። ጠጠርና ቡሽ እኩል ወርውርና እየው። ስለዚህ የፍሬውን መጠን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። በእርሳስ ዘመን ቁጥር 4 ይተኩስ የነበረ ሰው አሁን በብረት ቁጥር 2 ይይዛል። ያኔ የአንዷ ፍሬ ክብደት ይቀራረባል።

ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው እንደሚተልቅ አትርሳ። ከ17 ላይ ቁጥሩን ቀንስ፤ የቀረው የፍሬው ውፍረት ነው፣ በመቶኛ ኢንች። ቁጥር 2 ማለት 15 መቶኛ ኢንች። ቁጥር 4 ማለት 13። ቢቢ ደግሞ 18 ነው።

አሁን ወደ አንተ ጣጣ። አንድ አውንስ ውስጥ ቁጥር 4 ከሆነ 190 ያህል ፍሬ ይገባል። ቁጥር 2 ከሆነ 125። ቢቢ ከሆነ 72 ብቻ። ያ 1,700 የሚሮጠው ጥይትህ ሳጥኑ ላይ 1 ከ1/8 አውንስ የሚል ይመስለኛል። እንግዲህ 81 ፍሬ ይዘህ ነው የወጣኸው ማለት ነው። ዳክዬ ዝይ አይደለችም። ላባዋን ገፈህ ስታያት ሁለት ቡጢ ብታክል ነው። 81 ፍሬ ሰማይ ላይ ሲበተን አንዷ ሄዳ ክንፏን ትነካታለች፤ የቀሩት በጎንና በጎኗ ያልፋሉ። ያየኸው እሱን ነው።

ፍጥነቱም ቢሆን 1,700 የሚለው ከአፈ ሙዙ ሲወጣ ነው። ብረት አየር ላይ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል፤ በኃይል የወጣው ደግሞ የበለጠ ይጥላል። ሲወጣ የነበረው የ250 ጫማ ብልጫ 40 ያርድ እስኪደርስ አብዛኛው ተበልቷል። የገፋህን ግፊት ግን ትከሻህ ሙሉውን ከፍሏል።

እኔ የምተኩሰው ባለ 3 ኢንች፣ 1 ከ1/4 አውንስ፣ ቁጥር 2፣ ፍጥነቱ ከ1,400 እስከ 1,450 ነው። 156 ፍሬ አለው። ርካሹንም ውዱንም ሞክሬያለሁ። ካርቶን ሙሉ፣ 250 ጥይት፣ ነሐሴ ላይ ቅናሽ ሲኖር እገዛና አርፌ እቀመጣለሁ። መስከረም ላይ የሚገዛ ሰው በችኮላ ነው የሚገዛው። አንተን አላልኩም።

ትልቁ_ጋን | ሰኞ ከሰዓት

አባ ረግረግ ቁጠባ ላይ ነው። ወንድሜ፣ ባለ 3 ኢንች ተኩል ግዛ! 1 ከ1/2 አውንስ ብረት ይዞ ይሄዳል። ቁጥር 2 ከሆነ 188 ፍሬ ነው። ሂሳቡ ያው ፍሬ መብዛት ከሆነ ትልቁ ያሸንፋል፣ አለቀ።

አባ_ረግረግ | ሰኞ ከሰዓት

ሂሳቡ ልክ ነው፤ ጠመንጃው ግን አይጎርሰውም። ልጁ እስከ 3 ኢንች ነው ያለው። ሚኒሶታው፣ በርሜልህ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ከዚያ የረዘመ ጥይት በጭራሽ አታስገባ። ክፉው ነገር የረዘመውም ገብቶ ሊዘጋልህ መቻሉ ነው። ሲተኮስ የቀለሁ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ይንራል። ከዚያ በኋላ ስለ ዳክዬ አናወራም።

ለጎረሰለት ሰው ደግሞ ለዝይ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ለዳክዬ ግን በሦስተኛው ጥይት ላይ ቃታውን ሳትስብ ዓይንህን መጨፈን ትጀምራለህ። ያየሁትን ነው።

ትልቁ_ጋን | ሰኞ ማታ

3 ኢንች መሆኑን አላየሁም። ልክ ነህ፣ ተውኩት። የመጨፈኑ ነገር ግን ስም ማጥፋት ነው።

ጋሽ_ቼሳፒክ | ሰኞ ማታ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሜሪላንድ የገባሁት በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን እርሳስ ነበር የምንተኩሰው። ዳክዬዋ ስትመታ እንደ ድንጋይ ዱብ ነው። አሁን ይህን ብረት አመጡና ልጁ እንዳለው ቆስላ ትጠፋለች። ለእኔ የነጋዴ ሥራ ነው የሚመስለኝ።

ለማንኛውም ጥያቄም አለኝ። ቤልጂየም የተሠራ ብራውኒንግ ኦቶ 5 የሚባል ጠመንጃ አለኝ። በ1986 ከጎረቤቴ ገዝቼው ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ዘንድሮ የልጅ ልጄ አብረን እንውጣ ብሎ ያዘኝ። ይህን ብረት ይችለዋል ወይ?

አባ_ረግረግ | ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? መጀመሪያ ጥያቄዎን ልመልስ፣ እሱ ይብሳልና። አይተኩሱበት። ብራውኒንግ ራሱ ቤልጂየም በተሠሩት የኦቶ 5 በርሜሎች ብረት እንዳይተኮስ ይመክራል። ብረት እንደ እርሳስ አይጨመቅም። እርሳስ ጠባቡ አፈ ሙዝ ጋ ሲደርስ ተለማምጦ ያልፋል፤ ብረት ግን በርሜሉን ራሱን ይገፋዋል። የዚያ ዘመን በርሜል ለዚያ አልተሠራም። ያብጣል ወይም ከአፉ ይሰነጠቃል።

መላው ሁለት ነው። አንዱ ለዚያው ጠመንጃ የሚሆን አዲስ በርሜል መፈለግ ነው፤ በኋላ ጃፓን የተሠሩና ቾካቸው የሚፈታ በርሜሎች አሉ። ሁለተኛው ቢስሙዝ የሚባለውን ጥይት መግዛት። ቢስሙዝ ለስላሳ ነው፣ ክብደቱም 9.6 ስለሆነ በብረትና በእርሳስ መካከል ነው። ሕጉም ይፈቅደዋል። ዋጋው ግን ከብረት እጥፍ በላይ ነው። ለልጅ ልጅ ግን ምን ይወጣል፣ ሁለት ሳጥን ይበቃዎታል። ከዚያ በፊት ጠመንጃውን ለባለሙያ ያሳዩት፤ ብዙ ዓመት ተኝቷል።

የእርሳሱን ነገር ግን ከነጋዴ ጋር አያያይዙት። ዳክዬ ጥርስ የላትም። እህሏን ጨጓራዋ ውስጥ የምትፈጨው በጠጠር ነው። ጠጠር ስትለቅም ረግረጉ ጭቃ ላይ የተኛውን የእርሳስ ፍሬ አብራ ትውጣለች። ያው ጨጓራ ይፈጨዋል፣ መርዙ ደም ውስጥ ይገባል። ጥቂት ፍሬ ይበቃታል። የታመመችውን ዳክዬ ንስር ይበላታል፣ እሱም ይሞታል። ሕጉ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀስ በቀስ መጥቶ በ1991 ነው በመላው አሜሪካ ለውሃ ወፍ የጸናው። ተመራማሪዎች በኋላ አስልተው በ1997 ፍልሰት ብቻ 1.4 ሚሊዮን ያህል ዳክዬ ከእርሳስ መመረዝ እንደተረፈ ገምተዋል። እርስዎም እኔም በዓመት የምናቆስለው ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ግን እውነትዎን ነው። መጀመሪያ የወጣው የብረት ጥይት ደካማ ነበር። ሰው የጠላው ያኔ ነው፣ ጥላቻውም እስካሁን አልለቀቀም።

ጋሽ_ቼሳፒክ | ማክሰኞ ጠዋት

ጨጓራዋን ነገር አላውቅም ነበር። ተባረክ ልጄ። ጠመንጃውን አሳያለሁ።

ስቶክሆልም_ነኝ | ማክሰኞ ከሰዓት

ከስዊድን ሰላም። የጋሼን ጥያቄ እዚህ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የአውሮፓ ጠመንጃ ላለው ሰው አንድ ምልክት ልጠቁም። በርሜሉ ሥር ትንሽ የአበባ ቅርጽ የተመታበት ካለ፣ የፈረንሳይ ነገሥታት አርማ ላይ ያለችው ዓይነት አበባ፣ ያ ጠመንጃ በከፍተኛ ግፊት የብረት ጥይት ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። አበባው ከሌለ ዝቅተኛውን የብረት ጥይት ብቻ፣ እሱንም አስመርምሮ ነው። እኛ መጠኑን በሚሊሜትር ነው የምንጠራው። የእናንተ ቁጥር 2 ለእኛ 3.8 ገደማ ነው።

ሕጉ እኛም ጋ ደርሷል። ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ረግረግ ላይና ከረግረጉ 100 ሜትር ክልል ውስጥ በእርሳስ ፍሬ መተኮስ ክልክል ነው። ዴንማርኮች ግን ገና በ1996 ሁሉንም የእርሳስ ፍሬ ከልክለው ጨርሰዋል። ዳክዬ ማደን አልተዉም፣ እያደኑ ነው።

ሚኒሶታው | ማክሰኞ ማታ

አባ ረግረግ፣ አሁን ፈትቼ አየሁት። ቾኩ ፉል ይላል፣ ጠባቡ። ስገዛው የነበረውን አልቀየርኩም። ርቀቱን... 40 ነው ያልኩት በግምት። 50 ሊሆን ይችላል። እሺ፣ አላውቀውም።

አባ_ረግረግ | ማክሰኞ ማታ

ፉል! በቢቢ! ወንድሜ፣ እግዜር ነው ያወጣህ። ቾኩ ላይ ብረት ይፈቀዳል የሚል ጽሑፍ ከሌለ ትልቅ የብረት ፍሬ በፉል አይተኮስም። አሁኑኑ አውጣው። ሰፋ ያሉትን፣ ሞዲፋይድ ወይም ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር እሰር፤ ከጠመንጃው ጋር አብረው መጥተዋል፣ ያችን ትንሽ የላስቲክ ሣጥን ፈልጋት።

ብረት ስለማይጨመቅ ክብ ሆኖ እንደገባ ክብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከእርሳስ የበለጠ ተሰብስቦ ይሄዳል። በሞዲፋይድ የተተኮሰ ብረት በእርሳስ ዘመን ፉል ይሰጥ የነበረውን ያህል ይሰበሰባል። በጣም ማጥበብ ምንም አይጨምርልህም፣ አንዳንዴም ያበላሸዋል።

ቅዳሜ አትውጣ። ካርቶን ላይ ተኩስ። 35 ያርድ ለካ፣ መሐሉን ምታ፣ ከዚያ ፍሬው በዛ ያለበትን ቦታ መሐል አድርገህ 30 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ሥራ፣ ቀዳዳውን ቁጠር። እኔ የነገርኩህን አትመን። ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃ አንድ ጥይት ለየብቻ ይበትኑታል።

እቴ_ላባ | ረቡዕ ጠዋት

ሴት አዳኝም አለች፣ እዚህ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ላክ ኪ ፓርል አካባቢ ዝይ እናድናለን። አባ ረግረግ ዳክዬውን ጨርሶታል፣ እኔ ከዝይና ከምጣዱ ልጀምር።

ለካናዳ ዝይ ቢቢ ቦታው ነው። ወፏ ትልቅ ናት፣ አጥንቷም ወፍራም። ዳክዬም ዝይም በሚቀላቀሉበት ኩሬ ግን ቁጥር 2 ይዤ እወጣለሁ፤ ዝይዋን ቀረብ እስክትል እጠብቃለሁ። እኔ ትከሻዬ ቀጭን ነው፣ ባለ 20 ጌጅ ነው የምይዘው። ቁጥር 3 ወይም 4 እጎርሳለሁ፣ ከ30 ያርድ በላይ አልተኩስም። ባለቤቴ በ12ቱ ከእኔ የበለጠ ይስታል። ይህን እሱ ያነበዋል።

ሚኒሶታው፣ ለቆሰለችው ዳክዬ መላ አለ። ቁጥር 6 ብረት ጥቂት ጥይት በግራ ኪስህ ያዝ። ውሃው ላይ ወድቃ ጭንቅላቷን ቀና ካደረገች አትጠብቃት፣ ወዲያው ድገማት። ስትዋኝ የሚታየው ጭንቅላቷና አንገቷ ብቻ ነው። ብዙ ትንንሽ ፍሬ ነው እዚያ የሚያገኛት። ከኋላዋ ሰው ወይም ጀልባ አለመኖሩን እይ፤ ፍሬ ውሃ ላይ ይነጥራል።

ለርቀቱ ደግሞ ይኸው። ከላስቲክ ዳክዬዎችህ አንዷን 35 እርምጃ ላይ ለብቻዋ አስቀምጣት። ከእሷ ወዲያ ያለው ሁሉ የእግዜር ነው። የወንዱ ማላርድ (ያ ጭንቅላቱ አረንጓዴው ዳክዬ) ብርቱካናማ እግር ለይቶ ከታየህ ደርሷል። ጥላ ብቻ ከሆነ አልደረሰም።

አሁን ምጣዱ። ብረት ጥርስ ይሰብራል። ቀልድ አይደለም፣ እኔ የጥርስ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። እርሳስ ሲነከስ ይለምጣል፣ ብረት አይለምጥም። ፈረሰኛውን ከአጥንቱ ለይታችሁ ካወጣችሁ በኋላ ጠንካራ ማግኔት ሥጋው ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። የማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጠፈው ደካማ ነው፤ ከሃርድዌር ቤት የሚገዛ ትንሽ ክብ ማግኔት አለ። ፍሬው ካለበት ሥጋው ቅንጣት ታህል ብድግ ይላል። እዚያው በቢላ ጫፍ ታወጡታላችሁ። ላባም ይዞ ስለሚገባ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ክፈቱት።

ከዚያ ሥጋውን ጨው ባለው ውሃ አሳድሩት፣ አድርቁት፣ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ መጥበሻ ጀምሩ። እና አታቃጥሉት። ጥሬ ሥጋ ቆመን የምንበላ ሰዎች ዳክዬ ላይ ስንደርስ እንጨት እስኪሆን እናደርቀዋለን፣ ከዚያ ጉበት ጉበት ይላል ብለን እንሰድባለን።

ዳላስ_ሰፈር | ረቡዕ ጠዋት

እሺ፣ ይበላል።

ሳውዝ_ዳኮታ_መንገደኛ | ሐሙስ ማታ

አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን ግን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው። ዓምና ጥቅምት ላይ ፌዘንት የሚባለውን የሜዳ ወፍ አድኜ በማግስቱ በዚያው ጃኬት ዳክዬ ወጣሁ። የረግረጉ ተቆጣጣሪ መጣ። ፈቃድ አየ፣ ቴምብር አየ፣ ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ አለመያዙን በጣቱ እያጎረሰ ቆጠረ። ከዚያ «ኪስህን አውጣ» አለኝ። ሁለት የእርሳስ ጥይት። ከፌዘንቱ የተረፈ። አልተኮስኩትም፣ ረስቼው ነው። ሕጉ ግን መተኮስ አይልም፤ ውሃ ወፍ እያደንክ እርሳስ ፍሬ ይዘህ መገኘት ራሱ ጥፋት ነው። ቅጣቴን ከፈልኩ። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጃኬት አለኝ። አንዱ ላይ ባለቤቴ ቀይ ክር ሰፍታበታለች።

ትልቁ_ጋን | ሐሙስ ማታ

በኪስ ጉዳይ ከሆነ እኔም ልጨምር። ዓምና የረጠበውን የብረት ጥይት አድርቃችሁ ዘንድሮ አትጠቀሙ። ብረት ነው፣ ይዝጋል። ውስጡ ተጣብቆ አንድ ድቡልቡል ሊሆን ይችላል። እኔ አንዱን በቢላ ቀድጄ አየሁት፤ ፍሬው እንደ ቆሎ አልፈሰሰም፣ እንደ ድፍድፍ ተያይዞ ነው የወጣው። ያንን በቾክ ውስጥ ማሳለፍ አልፈልግም።

ሚኒሶታው | እሑድ ጠዋት

ተመለስኩ። ቅዳሜ አልወጣሁም፣ ታዘዝኩ። የቴሌቪዥን ካርቶን አንድ ወዳጄ ጋ ነበር፣ ስድስት ቦታ ቆረጥኩት። 35 ያርድ በሜትር ለካሁ። በክርና በማርከር ባለ 30 ኢንች ክብ ሠራሁ። ከዚያ አንድ ነገር ከራሴ ጨመርኩ። አንዷን የላስቲክ ዳክዬ ካርቶኑ ላይ አጋድሜ ዙሪያዋን በማርከር አሰመርኩ። በየካርቶኑ አምስት ቦታ።

መጀመሪያ ያ ቢቢ፣ ከ81 ፍሬ። ቾኩን ቀይሬያለሁ፣ ሞዲፋይድ ነው። ክቡ ውስጥ የገባው 49። ከአምስቱ ዳክዬ ሁለቷ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ። አንዷ ጭራሽ ምንም የላትም። ባዶ። ደጋግሜ አየኋት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስተኩስ የነበረው በዚህች ቀዳዳ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቁጥር 2፣ 1 ከ1/4 አውንስ፣ 1,450። ከ156 ፍሬ 117 ገባ። አምስቱም ዳክዬ ከአራት ቀዳዳ በላይ አላቸው። ይህኛው ከመደርደሪያው ላይ ርካሹ ነበር።

ቁጥር 4ም ሞከርኩ። ወንፊት ነው የሚመስለው። ግን አባ ረግረግ እንዳለው ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ሩቅ ላይ ኃይል ያጣል መሰለኝ። ለቅርብ ይሆናል?

አባ_ረግረግ | እሑድ ከሰዓት

ይሆናል። እስከ 30 ያርድ ቁጥር 4 ግሩም ነው፤ በተለይ ወቅቱ ሲጀምር፣ ቲል የሚባሉት ትንንሽ ዳክዬዎችና የእንጨት ዳክዬዎች ቅርብ ሲመጡ። ኅዳር ላይ ላባቸው ወፍሮ ከሰሜን የሚመጡት ማላርዶች ላይ ግን ቁጥር 2 ያዝ። ዳክዬዋን ካርቶን ላይ መሣልህን ወደድኩት። እሰርቅሃለሁ።

አሁን ጥይቱን እርሳው። ዳክዬ በሰዓት 45 ማይል ስትበር በሰከንድ 66 ጫማ ትሄዳለች። ፍሬህ 40 ያርድ እስኪደርስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። እሷ በዚያች ቅጽበት ስምንት ጫማ ሄዳለች። ቆማ ያየሃት ቦታ ላይ ከተኮስክ ጅራቷን እንኳ አታገኝም። ከፊቷ አልፈህ፣ ጠመንጃውን ሳታቆም ነው የምትተኩሰው። ብዙ ሰው ቃታውን ሲስብ ክንዱን ያቆማል። የሸክላ ኢላማ ሜዳ ሂድና ሁለት ሳጥን ጨርስ፤ ከ1,700ው ይልቅ እሱ ይጠቅምሃል።

ጋሽ_ቼሳፒክ | ረቡዕ ማታ

ጠመንጃውን ባለሙያው አየው። ደህና ነው አለኝ፤ ብረቱን ግን እሱም ከለከለኝ። ቁጥር 4 ቢስሙዝ አዘዝኩ። ዋጋውን ለእናታችሁ አልነገርኳትም።

ሚኒሶታው | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ

ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ተፈቀደ። 35 እርምጃ ላይ ያስቀመጥኳት የላስቲክ ዳክዬ ጭጋግ ውስጥ ትታያለች። መጀመሪያ የመጡት ስድስት ነበሩ። አልተኮስኩም፣ ከእሷ ወዲያ ዞሩ። እጄ ተንቀጠቀጠ ግን አልተኮስኩም። ዞረው ተመለሱ። ክንፋቸውን ዘርግተው እግራቸውን አወረዱ፤ ብርቱካናማው ታየኝ። እቴ ላባን አሰብኳት።

11 ጥይት፣ አራት ዳክዬ። አራቱም ቤት ገብተዋል። አንዷ ውሃ ላይ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ በቁጥር 6 ደገምኳት። አንዱን ወንድ ቆጥሬ ስመለስ ከቆምኩበት 24 እርምጃ ነበር። ያኔ 40 ያልኩት ምን ያህል እንደነበር አሁን ገባኝ።

ማግኔቱ ከአራቱ ሁለት ፍሬ አወጣ። ፍሬዎቹን ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ ለልጄ አሳየኋት፣ በማግኔቱ ስትጫወት አመሸች። እናቴ ግን አልቀመሰችም። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ አልበላም አለች፤ እኔም አላስገደድኳትም። ድስቱንም ለይታ እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፋበታለች።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ወቅቱ ሊዘጋ ጥቂት ቅዳሜ ቀርቶታል፣ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና የሚያቆይልኝ፣ ትልቅ ፍሪዘር ያለው ሰው ሴንት ፖል አካባቢ አለ?